ዶሮ እንዳይጭረው

እናቴ አገሯን እንደምትወድ የሚመሰክር ወረቀት አላት። ሳሎናችን ውስጥ፣ ከኢየሱስ ሥዕል ጎን፣ ከኢየሱስም ትንሽ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ዐሥራ አራት ዓመቴ ስለነበር የማዕረግ ቅደም ተከተል ገና አልገባኝም። ወረቀቱ «ለብሔራዊ ምልክታችን ስላሳየችው ያልተቋረጠ እንክብካቤ» ይላል። እናቴ አንድም ቀን ፊቱ ቆማ ስታነበው አላየሁም። አቧራውን ግን ትወለውላለች፤ አቧራ የመንግሥትም ቢሆን አትወድም።

ወረቀቱን ያስገኘሁላት እኔ ነኝ። በአንድ ድንጋይ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ደሴታችን ግሬናዳ ነጻ የወጣችበት ሃያኛ ዓመት ሊከበር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በዓሉ ፌብሩዋሪ ሰባት ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ግን በመንደራችን በፕሌዛንስ የማይንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ይቀባል። የመንገድ ዳር ድንጋይ፣ የመብራት እንጨት፣ ያለቀለት ጎማ፣ የኮኮናት ግንድ እስከ ወገቡ። «በዚህ ሰሞን ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ማሰብ የለበትም፤ ይቀቡታል» ትል ነበር ታንቲ ሜልዳ። ታንቲ የአባቴ አክስት ናት፤ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። አባቴ ትሪኒዳድ ለሥራ ከሄደ ወዲህ የቤቱ ወንድ እሷ ሆናለች።

አስተማሪያችን ሚስ ቪዮላ በዚያ ሰሞን ሒሳቡንም ንባቡንም ትታ ባንዲራ ብቻ ታስተምረን ነበር። በቀርከሃ ዘንጓ ሰሌዳውን ትመታለች።

«ቀዩ?»

«ጀግንነታችን!»

«ቢጫው?»

«ፀሐያችንና ጥበባችን!»

«አረንጓዴው?»

«መሬታችን!»

«በግራ በኩል ያለችውስ?»

«ገውዝ!»

ገውዝ የምትባለውን ቅመም ለማወቅ ሰሌዳ አያስፈልገንም ነበር። ስንታመም በእሷ እንታሻለን፣ የእናቶቻችን እጅ እሷን እሷን ይሸታል። ባንዲራ ላይ መውጣቷ ለእኛ የጎረቤት ሴት ቴሌቪዥን ላይ እንደመታየቷ ያህል ነበር።

«በአርማችን ላይ ጋሻውን ደግፈው ከቆሙት አንደኛዋ ርግብ ናት። ሌላው እንስሳስ?»

ግሌንሮይ እጁን አወጣ፤ እሱ እጁን ሲያወጣ ክፍሉ በሙሉ ቀድሞ ይስቃል። «ታቱ ነው ሚስ! ያ ጀርባው ቅርፊት የሆነው። እኛ ቤት ቅዳሜ በላነው።»

«ብሔራዊ ምልክት አይበላም!» ጮኸች ሚስ ቪዮላ።

«ኧረ ሚስ፣ ማሚ በካሪ ነው የሠራችው» አለ፣ ካሪው ወንጀሉን የሚያቀልለት መስሎት።

እኔ አልሳቅሁም። የክፍሉ አገር ወዳድ እኔ ነበርኩ። የባንዲራውን ሰባት ኮከቦች ትርጉም በእንቅልፌም እወጣው ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ሚስ ቪዮላ ትልቁን ዜና ነገረችን። የመንደሩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሚስተር ካትበርት መስቀለኛው መንገድ ላይ ከሲሚንቶ መታሰቢያ እየሠሩ ነው። ዙሪያው በድንጋይ ያጌጣል፣ ድንጋዩን ደግሞ የሚያመጡት ልጆች ናቸው። «ነገ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ድንጋይ። ክብ፣ ለስላሳ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል» አለችና በሁለት እጆቿ አየሩን አቅፋ አሳየችን። በእጆቿ መካከል የነበረው ባዶ ቦታ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ሌሎቹ ወደ ወንዝ ሮጡ። እኔ ወደ ቤት ሄድኩ፤ ድንጋይ ነበረኛ።

ከቤታችን ጀርባ አንድ የገውዝ ዛፍ ነበር፤ ዛፉ የእኔ ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ ሲወለድ እትብቱ ከአንድ ዛፍ ሥር ይቀበራል፣ ዛፉም የልጁ ይሆናል። አባቴ የእኔን እትብት እዚያ ቀብሯል፤ ስለዚህ ፍሬው የእኔ፣ ጥላው የእኔ፣ ሥሩ የሚተኛው ውሻም ለጊዜው የእኔ ነው። ከዛፉ ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ነጭ ድንጋይ ተቀምጦ ነበር። እናቴ በየዓመቱ ኖቬምበር ሲገባ ኖራ ትቀባዋለች። ሰው ሁሉ በዘመዶቹ መቃብር ላይ ሻማ በሚያበራበት በቅዱሳን ሁሉ በዓል እሷም ከመቃብር ቦታው ስትመለስ አንዲት ሻማ ከዚያ ድንጋይ አጠገብ ታበራለች።

«ታንቲ፣ ያ ድንጋይ ለምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ።

«ዶሮ እንዳይጭረው ነው።»

«ምኑን?»

«መሬቱን ነዋ! አንቺ ልጅ ጥያቄሽ ማለቂያ የለውም። ሂጂ ውሃ ቅጂ።»

ሻማው ግን ለዶሮ እንዳልሆነ ገብቶኛል። አሰብኩ፣ አሰብኩና ለእኔ እትብት ነው አልኩ። እናቴ በየዓመቱ በመወለዴ ሻማ ታበራለች። ስለ ራሴ ጥሩ ግምት የነበረኝ ልጅ ነበርኩ።

በዚያ ከሰዓት በኋላ እናቴ ገውዝ ከሚለቀምበት መጋዘን አልተመለሰችም፤ ታንቲ በረንዳው ላይ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ድንጋዩ እንደ ጥርስ ተተክሎ ስለነበር ዙሪያውን በገጀራ ፈለፈልሁት፤ ሲነቀል መሬቱ የተነፈሰ መሰለኝ። በአባቴ የእጅ ጋሪ ጫንኩት። ሥርዓት ያለኝ ልጅ ስለነበርኩም ጉድጓዱን እንዲሁ አልተውኩትም። አፈር መለስኩበት፣ በእግሬ ደመደምኩት፣ የደረቀ ቅጠልና የገውዝ ቅርፊት በተንኩበት፣ ከዚያ የዛፉን ዙሪያ በሙሉ በመጥረጊያ ጠረግሁት። ማሚ ስትመጣ ደስ እንዲላት።

ከድንጋዩ ሥር ወንድሜ ነበር።

አራት ዓመቴ ሳለ የእናቴ ሆድ ትልቅ እንደነበረ፣ ከዚያ ትንሽ እንደሆነ አስታውሳለሁ። በመካከሉ ሦስት ቀን ጎረቤት አሳደሩኝ፤ ስመለስ «ማሚን ጉንፋን ይዟት ተኝታለች» አሉኝ። ጉንፋን ሆድ ያጎድላል ብዬ አምኜ ኖርኩ፤ ለብዙ ጊዜ ባስነጠሰች ቁጥር ሆዷን አይ ነበር። ልጁ በሰባት ወሩ፣ ቤት ውስጥ፣ ሞቶ ነበር የተወለደው። ያልተጠመቀ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አይቀበርም ተባለ። ነርስ አልተጠራም፣ የመቃብር ፈቃድ የሚባል አልወጣም። አባቴ ጎህ ሲቀድ ከእኔ እትብት አጠገብ ቀበረው፣ ብቻውን እንዳይሆን። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ታንቲ ሜልዳ ናት፤ የነገረችኝ ግን በጣም ዘግይታ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሚስ ቪዮላ ድንጋዬን አይታ ዘንጓን አስቀመጠች። የሌሎቹ ግራጫ ናቸው፣ ጭቃ አለባቸው፤ የግሌንሮይማ ድንጋይ መሆኑም ያጠራጥር ነበር። የእኔ ነጭ ነው። «እዩ! ዜልማ ኖራ ቀብታ ነው ያመጣችው፤ ቀለሙ እንዲይዝ። አገር ማለት ምን እንደሆነ ከሚያውቅ ቤት የመጣች ልጅ እንዲህ ናት!»

ራሴ ቀባሁት። ከላይ ቀይ፣ በመሐል ቢጫ፣ ከታች አረንጓዴ። ኖራው ቀለሙን እንደተጠማ ሰው መጠጠው። እኩለ ቀን ላይ ሚስተር ካትበርት ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አንስተው መታሰቢያው አናት ላይ፣ ከባንዲራው እንጨት ሥር፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ውስጥ ተከሉት። አጨበጨብን።

እናቴ የፊተኛውን ቀን ከጨለመ ገብታ ጎህ ሳይቀድ ስለወጣች ጓሮውን አላየችም ነበር። በዚያ ቀን ግን ገና ብርሃን ሳለ ደክሟት ገባች፤ ጓሮ በር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። አንዱን አወለቀች። ከዚያ ቀና አለች።

«ዜልማ።»

«አቤት ማሚ።»

«ማነው የጠረገው?»

«እኔ!»

«ድንጋዩስ?» ድምፅዋ በጣም ትንሽ ነበር።

«ሰጠሁት! ለአገር! ማሚ፣ ከሁሉም በላይ የተቀመጠው የኔ ነው እኮ፤ ሚስ ቪዮላ ደግሞ...»

በአንድ ጫማዋ ሄደች። ተከተልኳት፤ ልታየው ጓጉታ መስሎኝ ነበር።

መስቀለኛው ላይ ሚስተር ካትበርት በግንበኛ ማንኪያ ዳር ዳሩን ያለሰልሳሉ፤ ከሱቃቸው ደጃፍ አምስት ስድስት ሰው ጠርሙሱን ይዞ ሥራውን እያየ ያግዛል።

«ሚስተር ካትበርት፣ እባክዎ ያንን ድንጋይ ያውጡልኝ።»

«የቱን ኢዝሜ?»

«የላይኛውን። የኔ ነው።»

«አሁንማ የሕዝብ ሆነ እኮ እህቴ» አሉ እየሳቁ። «ሲሚንቶው ይዟል። ማውጣት ማለት ማፍረስ ነው፤ ማፍረስ ደግሞ በአገር ላይ መነሣት ነው።»

ከሱቁ ደጃፍ ሳቅ ተነሳ። «ግሬናዳ ድንጋይ አልቆባት ነው?» አለ አንዱ። «ኢዝሜ፣ ነገ ጋሪ ሙሉ አመጣልሻለሁ፣ ምርቃቱን ከነአሸዋው!» አለ ሌላው።

«ሌላ አልፈልግም።»

ሚስተር ካትበርት ሳቃቸውን ገታ አደረጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «እሺ፣ ንገሪኛ። ይሄ ምን የተለየ ነገር አለው?»

እናቴ አፏን ከፈተች። መልሱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ብትናገራት ሚስተር ካትበርት ድንጋዩን በጥርሳቸውም ቢሆን ነቅለው ይሰጧት ነበር። ግን በማግስቱ ነርሷ ትሰማለች፣ ፖሊሱ ይሰማል፣ ያለ ፈቃድ የተቀበረ ልጅ ተቆፍሮ ይወጣል። ልጁን ወይም ድንጋዩን መምረጥ ነበረባት፤ ለመምረጥ የተሰጣት ጊዜም አምስት ስድስት ሰው ጠርሙስ ይዞ የሚጠብቅበት ያህል ነው።

«ከእናቴ የወረስኩት ነው» አለች።

«የድንጋይ ውርስ!» ደጃፉ በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ እኛም ዘመዶቿ ነን፤ ድርሻችንን!»

መንገድ ዳር ከተቀባው ጎማ ኋላ ተደበቅሁ። ቀለሙ ስላልደረቀ ቀሚሴ ቢጫ ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ ያፈርኩትም በእናቴ ነበር። ለአገሯ አንዲት ድንጋይ የምትነፍግ ሴት! ታንቲ ሜልዳ ከኋላ እያለከለከች ደርሳ ክንዷን ያዘቻት። «ኢዝሜ፣ ነይ። ነይ ልጄ፣ ሰው እያየ ነው።»

ቤት ስንደርስ እናቴ በጉልበቷ ከዛፉ ሥር ሆና መሬቱን በመዳፏ ትዳብስ ጀመር፤ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ። መርፌ የወደቀባት መሰለኝ። አዘንኩላትና እኔም በጉልበቴ ተንበርክኬ አብሬያት ዳበስኩ።

«ምን ጠፋብሽ ማሚ? እኔ አይኔ ጥሩ ነው።»

«ምንም» አለች።

አልመታችኝም። ስላልመታችኝም ጥፋት የለብኝም ብዬ ደመደምኩ። በማግስቱ በግምት አንድ ቦታ ላይ ባልዲ ገልብጣ አስቀመጠች። ከሁለት ቀን በኋላ ታንቲ ውሃ ቅጂ ስትለኝ ባልዲውን አነሳሁት።

የበዓሉ ቀን ጠዋት የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሰን መስቀለኛው ላይ ተሰለፍን። የዳቦ ፍሬ የሚባለው የዛፍ ፍሬና በጨው የደረቀ ሥጋ በኮኮናት ወተት የሚበስልበት ትልቅ ድስት ከሱቁ ጀርባ ይንተከተካል። ባንዲራው ሲወጣ፣ መዝሙሩን ስንጀምር፣ እናቴን ከፊት ለፊቴ አየኋት። አትዘምርም። ታለቅሳለች። ዓይኗ ግን ባንዲራው ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ነው።

«ታንቲ! ማሚ ለአገሯ እያለቀሰች ነው!»

«አትዪያት። ወደ ባንዲራው እዪ» አለችኝ ታንቲ፣ ራሴን በእጇ እያዞረች።

ተጸጸተች ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ያደረገችው ሁሉ ይህንኑ አረጋገጠልኝ። በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መስቀለኛው ላይ ትቆማለች፣ በመሐረቧ የድንጋዩን አቧራ ትጠርጋለች፣ የፍየል በጠጥ በእጇ ትለቅማለች። ኖቬምበር ሲደርስ ሻማዋን ወስዳ እዚያ አበራች። በመጀመሪያው ዓመት ሳቁባት። በሁለተኛው ዓመት ዝም አሉ። በሦስተኛው ዓመት ኮሚቴው ሻማውን ፕሮግራም ውስጥ አስገባና «የጀግኖች ሻማ» ብሎ ሰየመው፤ ሚስተር ካትበርትም ንግግር ጻፉለት። ከዓመት ዓመት ፌብሩዋሪ ሲመጣ ልጆች በአሮጌው ቀለም ላይ አዲስ ቀለም ይደርባሉ፤ እናቴ ቆማ ታያለች። «እስቲ ቀስ ብላችሁ» ትላቸዋለች። «ከላይ ቀስ ብላችሁ።»

እኔ ስለ እሷ ድርሰት ጻፍኩ። «እናቴና አገሬ» ይላል፤ ሚስ ቪዮላ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ አነበበችው፣ ቅጂውን ኮሚቴ ወሰደው። በሃያ አምስተኛው ዓመት በዓል እናቴን መድረክ ላይ ጠርተው ወረቀቱን ሰጧት። እንግዳ ሆኖ የመጣው ባለ ሥልጣን ድምፅ ማጉያውን አፏ ላይ ደቀነባት። «እስቲ ለወጣቱ ትውልድ አንድ ቃል፣ እናታችን።»

እናቴ ሕዝቡን አየች፣ ከዚያ መታሰቢያውን አየች።

«ጥሩ ቦታ አስቀመጣችሁት» አለች። «ሰው ያልፋል ያገድማል። ብቻውን አይደለም። አመሰግናለሁ።»

ጭብጨባው እስኪያልቅ እጄ ቀላ። ከሁሉ የበለጠ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ።

ሴፕቴምበር ሁለት ሺህ አራት ላይ አውሎ ነፋሱ መጥቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ የደሴቲቱን ገውዝ ጨረሰው። እኛም ጣሪያችን ሄደ። ነፋሱ ሲያባራ እናቴ ጣሪያው ወደነበረበት ቀና አላለችም፤ ወደ ጓሮ ሮጠች። ዛፌ ከነሥሩ ተገንድሶ መሬቱን ገልብጦታል፣ ከኮረብታው የወረደ ጭቃ ጓሮውን በሙሉ ሞልቶታል። የተገለበጠው ሥር ውስጥ ገብታ አፈሩን በእጇ ትምሳለች። «ተይው ማሚ፣ ዛፍ ነው፣ እንደገና እንተክላለን!» ብዬ ጎተትኳት። ታንቲ ሜልዳ የወንድሜን ነገር ያኔ ነበር የነገረችኝ፣ ጣሪያ በሌለው ቤት ውስጥ፣ ዝናብ እየመታን። ጨርሳ ስትናገር፣ «እንግዲህ ዝም በያት» አለችኝ። ዝም አልኳት። እናቴም ዝም አለችኝ። ሃያ ዓመት በዚህ ተግባባን።

ዛሬ እኔም በዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ቀዩ? ጀግንነታችን። ዘንግ ተከልክሏል እንጂ ሌላው እንደነበረ ነው። ድንጋይ አምጡ ስል ግን ከየት እንዳነሱት አንድ በአንድ እጠይቃለሁ፤ ልጆቹ አብዳለች ይላሉ።

ባለፈው ዓመት መንገዱ ሊሰፋ ሆነና መታሰቢያው ይፍረስ ተባለ። የቁፋሮ መኪናውን የሚነዳው ግሌንሮይ ነበር፤ ሆዱ ከመሪው ጋር ይጋፋል።

«ግሌንሮይ፣ ያቺን የላይኛዋን ድንጋይ ሳትሰብር አውጣልኝ።»

«ብሔራዊ ቅርስ ነው እኮ ሚስ ዜልማ። ምን ልታደርጊው?»

«በካሪ ልሠራው።»

ሳቀና መኪናውን አጥፍቶ ወርዶ በመሮ አወጣልኝ። በሁለት እጄ ታቅፌው ወደ ቤት ተጓዝኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተደራረበው ቀለም አወፍሮታል፤ ከወሰድኩት ይልቅ ያመጣሁት ይከብዳል።

እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። አሁን ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ እንደ ድሮው አይደለም። ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። በአውራ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ የተላጠውን ቀለም ዳበሰች፤ ከቀዩ ሥር ቀይ፣ ከዚያ ሥር ሌላ ቀይ።

«ፍቄ ወደ ነጩ ልመልስልሽ» አልኳት።

«ተይው። ልጆች ያለበሱት ነው።»

ክንዴን ይዛ ተነሳች፤ ወደ ጓሮ ሄድን። ዛፍ የለም። ከአውሎ ነፋሱ በኋላ የተከልነው ሙዝ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ሦስት ዶሮዎች፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሣር። መሐሉ ላይ ቆመች።

«ከየት ነበር ያነሳሽው?» አለችኝ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስለዚያ ድንጋይ የጠየቀችኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። አንሺ፣ ሰጪ፣ ጠራጊ እኔ ስለሆንኩ ቦታውን የማውቀው እኔ ብቻ እንደሆንኩ አምና ኖራለች። እኔ ደግሞ አላውቀውም። ጓሮውን አየሁ፤ ከገመዱ ወዲህ ይሁን ወዲያ፣ ከሙዙ ሥር ይሁን ከዶሮዎቹ እግር ሥር፣ አላውቀውም።

«እዚህ» አልኳት፤ በጣቴ አሳየኋት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ፣ ኮከቦቹ ሰባት ናቸው በምልበት ድምፅ።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ወደ መሬቱ ዞራ እንደምንም ተንበረከከች። ሣሩን በእጇ ነቀለች፣ አፈሩን ጎድጎድ አደረገች፣ ድንጋዩን አስቀምጣ ዙሪያውን በጡጫዋ እየመታች ጠቀጠቀችው። ዶሮዎቹ የተቆፈረ አፈር አይተው መጡ።

«እሽ!» አለቻቸው እናቴ፣ ክንዷን ዘርግታ ባሳየኋት ቦታ ላይ እንዳጎነበሰች። «እሽ! ወዲያ!»